የእማማ ኤልዳና አፍንጫ

ቆቅ ሜዳ ላይ አበባ የሚፈካበትን ቀን የሚያውጀው ቀበሌው ነው። ከአዋጁ በኋላ ለዘጠኝ ቀን ልብስ ውጭ አይሰጣም፣ ምንጣፍ አይራገፍም፣ ማንም ሰው ዛፍ አጠገብ አያስነጥስም። ይህ የመጨረሻው በሕግ አልተጻፈም፤ ከተጻፈው በላይ ግን ይከበራል። ዶሮ ያለው ሰው ላባዋን ለጎረቤት ያካፍላል። ለስላሳው ላባ በቀርከሃ ጫፍ ታስሮ ከዛፍ ወደ ዛፍ የአበባ ብናኝ ያመላልሳል። ሽማግሌውም፣ መምህሩም፣ ዲያቆኑም መሰላሉን ተሸክሞ ይወጣና ፖም ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ንብ የምትባለው ፍጥረት በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሥላ ትታያለች። ሰው ዛሬም ታታሪ ሲያይ «እንደ ንብ» ይላል፤ ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቅ ግን የለም።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰማንያ ነው። ከአንኮበር በላይ ባለችው በዚህች መንደር ኤልዳና የአሮጊት ስም ነው፤ ያብስራም የሽማግሌ። የዛሬ ወጣቶች አስካለና ወንድይራድ ነው የሚባሉት። ስም ዞሮ ይመጣል፤ ሰው ነው ዞሮ የማይመጣው።

እማማ ኤልዳና ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ሥራቸውም ማሽተት ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የቀበሌው አሽታች ሆነው ኖረዋል። የአበባ ብናኝ ሕያው ይሁን ሙት በአፍንጫቸው ይለያሉ፤ አሠራሩም እንዲህ ነው፦ ከብልቃጥ ቆንጠር ተደርጎ የተወሰደ ብናኝ ለብ ባለ የስኳር ውሃ ላይ ይነሰነሳል። ሲኒው በነጠላ ጫፍ ተሸፍኖ እንዲሞቅ ብብት ሥር ይያዛል። አባታችን ሆይ ሦስት ጊዜ ከተደገመ በኋላ ይገለጥና ይሸተታል። ሕይወት ያለው ብናኝ ስኳር አግኝቶ ዝም አይልም። ቀጭን ክር እየዘረጋ፣ የራሱን ቁመት ሁለት መቶ ጊዜ የሚያህል መንገድ ሄዶ የአበባዋ ማሕፀን ሊደርስ ነውና ጉልበት ይፈልጋል። ጉልበቱንም ከሁለት ወገን ያገኛል። በአንድ ወገን እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ በሌላ ወገን እንደ ጠጅ ጋን ያብላላል። ብዙው ፍጥረት የሚያብላላው አየር ሲያጥረው ነው። ብናኝ ግን አየር ሞልቶለት እያለም ያብላላል፤ ትንፋሽ ብቻ ለችኮላው አይበቃውም። ስለዚህ ደኅና ብናኝ ሲነቃ ጠጅ ጠጅ ይሸታል።

ጋሽ ያብስራ ይህን መጀመሪያ የሰሙ ዕለት፣ «የእኛን ቤት ነው እንዴ የምትነግሪኝ?» ብለው ነበር። «የምተነፍሰው እኔ ነኝ፣ እንደ ጠጅ የምትፈዪው አንቺ።» አርባ ዓመት ሙሉ ይህችን ቀልድ ሳይሰለቹ ደጋገሟት፤ እማማ ኤልዳናም ሳይሰለቹ ተቆጡባት።

ማር ከጠፋ አርባ አምስት ዓመት አልፎታል፤ ማር ሲጠፋ ጠጅም ጠፋ። ዛሬ በቆቅ ሜዳ ሽታውን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ቀርተዋል። አንዷ እማማ ኤልዳና ናቸው፤ እናታቸው ደብረ ብርሃን ጠጅ ቤት ነበራቸው። ሁለተኛው ጋሽ ያብስራ ናቸው፤ እዚያው ጠጅ ቤት አንድ ብርሌ አዝዘው፣ ብርሌውን ትተው ልጅቷን ሲያዩ ነበር የሚያመሹት። አሽታች ደግሞ ምን እንደሚያሸት ከትዳር ጓደኛው በቀር ለማንም አይናገርም። ሰው ካወቀ ያጭበረብራል ተብሎ ከመጀመሪያው እንዲህ ተወስኗል። ለገዛ ልጅ እንኳ አይነገርም።

ከአራት ዓመት በፊት ብናኝ የምትመረምር ሳጥን መጣች። ሳጥኗ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ለሁሉም በአንድ ዓይነት ትሕትና ትናገራለች። የምትለካው የብናኙን ትንፋሽ ብቻ ነው። ከአርባ በታች የተነፈሰ ብናኝ ሙት ተብሎ ይደፋል። ቅር ያለው ሰው ለአሽታች ይግባኝ ማለት ይችላል፤ የእማማ ኤልዳና ሥራም በዓመት አራት አምስት ይግባኝ መስማት ሆነ። ይግባኙ ትንሽ ነው ብሎ የሚንቅ አልነበረም። ሳጥኗ ሙት ብላው እሳቸው ሕያው ያሉት ብናኝ ሁሉ ፍሬ ይዟል።

እንግዲህ ማንም የማያውቀው ነገር ይህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የክረምት ጉንፋን መጣባቸውና ሲሄድ ማሽተታቸውን ይዞ ሄደ። ሽንኩርትም፣ ጋዝም፣ እርጥብ አፈርም አንድ ሆኑባቸው። ያን ሰሞን እማማ ኤልዳና ሥራውን ሊተዉ ለቀበሌው ደብዳቤ አጻፉ። ጋሽ ያብስራ ደብዳቤውን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት፤ እስከ ዛሬም አላወጡትም። በማግስቱ የሚስታቸውን መቀመጫ ዱካ ተሸክመው አብረዋቸው ቀበሌ ሄዱ። ከኋላቸው ቆሙ፣ የሚስታቸውን ነጠላ የሚያስተካክሉ መስለው ጎንበስ አሉ፣ ሲኒውን አሸተቱ፣ ከዚያም የነጠላውን ጫፍ አንድ ጊዜ ሳብ አደረጉት። አንድ ከሆነ ሕያው፣ ሁለት ከሆነ ሙት። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን በአንድ አፍንጫ ኖሩ። ሰዉ «ጋሽ ያብስራ እንዴት ሚስት አክባሪ ናቸው» እያለ ያደንቃል፤ እማማ ኤልዳና ይህን ሲሰሙ ሳቃቸውን ለመዋጥ ይቸገራሉ።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ለሳቅ የሚሆን አልነበረም። እናቷ ከሞተች ጀምሮ እነሱ ያሳደጓት የልጃቸው ልጅ አስካለ ልታገባ ነው።

የፖም ዛፍ በራሱ ወገን ብናኝ አያፈራም፤ ባዕድ ይሻል። ንብ ከጠፋች በኋላ ያ ባዕድ በራሱ ክንፍ አይመጣም። በዚህ ምክንያት የቆቅ ሜዳ ሠርግ የሚጀምረው ከዛፍ ላይ ነው። የሴት ወገን በግቢው ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ነጭ ክር ያስራል፤ የወንድ ወገን ከራሱ ዛፍ የተሰበሰበ ብናኝ በብልቃጥ ያመጣል። ብናኙ በቀበሌው ፊት ሕያውነቱ ይረጋገጥና ቅርንጫፉ ይቀባል። ፍሬ ሲይዝ ጋብቻው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ካልያዘ እስከ ከርሞ አበባ መጠበቅ ነው።

ወንድይራድ ደግሞ ከርሞ የለውም። ለአራት ዓመት ሥራ አፋር፣ የፀሐይ ኃይል ወደሚሰበሰብበት ጣቢያ ሊወርድ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ጋብቻዋ የተመዘገበ ሚስት አብራው ትሄዳለች፤ ያልተመዘገበች ትቀራለች። አራት ዓመት ቆይቶ የተመለሰ እጮኛ እማማ ኤልዳና በዕድሜያቸው አላዩም። አስካለ ይህን ታውቃለች፤ ስለዚህም ሰሞኑን እየዘፈነች ትሠራና መሐል ላይ ዝም ትላለች።

ሌላም ችግር ነበር። ብናኙ የዓምና ነው። የወንድይራድ አባት በሕይወት ሳሉ የተከሉትን ዛፍ ባለፈው ክረምት መሬት ተንሸራትቶ ወሰደው። የቀረው እናቱ ወይዘሮ ሄራን ከዚያ ቀደም ብለው ሰብስበው፣ እርጥበት እንዳያገኘው ገብስ መሐል ቀብረው ያስቀመጡት አንድ ብልቃጥ ብቻ ነው። ከሌላ ሰው ዛፍ ለምኖ መውሰድ በወግ አያስኬድም። ሙሽራው ያለ አባቱ ብናኝ አገባ ማለት ነው።

ከአበባው የመጨረሻ ቀን ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የበልግ ዝናብ ድንገት ጣለ። ጋሽ ያብስራ ላስቲክ ይዘው መሰላል ላይ ወጡና ነጭ ክር የታሰረበትን ቅርንጫፍ እንደ ጥላ ሆነው ሁለት ሰዓት ያህል ተከላከሉለት። ጋቢያቸውን ደግሞ ከታች ሆነው መሰላሉን ለሚይዙት ሚስታቸው ጥለው ነበር። እማማ ኤልዳና ውረድ እያሉ ተሳደቡ፤ እሳቸው የለም አሉ። አበባው አንድም ጠብታ ሳይነካው ዝናቡ አባራ።

በማግስቱ ጧት እማማ ኤልዳና ሽሮውን ጥደው ነጠላቸውን ሲፈልጉ ሽሮው አረረ። ጭሱ ቤቱን ሞልቶ እያዩት ደንግጠው ቢዞሩ፣ ጋሽ ያብስራ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው «ቁርስ አልደረሰም እንዴ?» ይላሉ። ድምፃቸው ከታፈነ ጋን የሚወጣ ይመስል ነበር። እማማ ኤልዳና ድስቱን እንደያዙ ቆሙ።

«ያብስራ፣ አይሸትህም?»

«ምኑ?»

ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ አሁን ነው። ጋሽ ያብስራ ግን ሳጥኗ ራሷ ታሳልፈዋለች፣ ይግባኝም አያስፈልግም፣ ሳይደግስ አይጣላም እያሉ ዱካውን አነሡ። እማማ ኤልዳናም ተከተሏቸው። 

ሳጥኗ አላሳለፈችውም። «እንኳን በደኅና መጡ። ሠላሳ አንድ። ሕይወት የለውም። በደኅና ይሂዱ» አለች። ወይዘሮ ሄራን ብልቃጡን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ። ኩሩ ሴት ናቸው፤ ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም፤ እጃቸው ግን ብልቃጡን አጥብቆ ይዞ ነበር። ይግባኝ እላለሁ አሉ። የቀበሌው ባለሙያ፣ መነጽሩን እየደጋገመ የሚጠርግ ለዘብተኛ ሰው፣ ሲኒና የስኳር ውሃ አቀረበ። አስካለና ወንድይራድ በሩ አጠገብ፣ በመካከላቸው ወግ የሚያዝዘውን አንድ ክንድ ያህል ቦታ ትተው ቆመዋል።

እማማ ኤልዳና ዱካው ላይ ተቀመጡ። ብናኙን ነሰነሱ፣ በነጠላው ጫፍ ሸፈኑት፣ ብብታቸው ሥር ያዙት። አባታችን ሆይ ሦስት ጊዜ ደገሙ፤ እንደዚያ ቀን ከልባቸው ደግመውት አያውቁም። ገለጡትና አፍንጫቸውን አስጠጉ። ውሃ ሊሆን ይችላል፣ ጠጅ ሊሆን ይችላል። እሳቸው ምንም አይሸታቸውም።

ከኋላቸው ጋሽ ያብስራ ጎንበስ አሉ። አየር በአፍንጫቸው ለመሳብ ሲታገሉ ተሰማቸው። ከዚያም ነጠላው አንድ ጊዜ ሳብ አለ።

አንድ ጊዜ፣ ረጋ ብሎ፣ ምንም ሳይጠራጠር።

እማማ ኤልዳና ሦስት ዓመት ያቺን ጉተታ ከገዛ ዓይናቸው በላይ አምነዋታል። ዛሬ የምትላቸውን ከምንም ነገር በላይ ሊሰሙት ይፈልጋሉ። «ሕያው ነው» ለማለት አፍ መክፈት ብቻ ነው የቀራቸው። ልጅቷ ትዳራለች፤ ፍሬ ካልያዘም ጥፋቱ የዝናቡ ይባላል። ጋሽ ያብስራ በዚህ ሁሉ ዘመን የዋሿቸው ይህን አንድ ቀን ብቻ መሆኑንም ያውቃሉ፤ ለምን እንደሆነም ያውቃሉ። 

«ያብስራ» አሉ ሳይዞሩ፣ «አፍንጫህ ዛሬ ዝግ ነው።»

ጋሽ ያብስራ የነጠላውን ጫፍ ለቀቁ።

«የእኔም አይሠራም» አሉ ከዚያ፣ አሁን ለሁሉም። «መሥራት ካቆመ ሦስት ዓመቱ ነው። ሲያሸት የኖረው እኔ አይደለሁም፤ እሱ ነው። ዛሬ ደግሞ እሱም ጉንፋን ይዞታል። ይህ ብናኝ ይኑር ይሙት የምናውቀው ነገር የለም።»

ባለሙያው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ አደረገ፣ እንደገና አወለቀ። ያለፉትን ይግባኞች ምን ልናደርጋቸው ነው ብሎ ቀስ ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ያብስራ ከዛሬ በቀር ዋሽተው እንደማያውቁ፣ ፖሞቹም ምስክር እንደሆኑ ተናገሩ፤ ከዚያም የማይፈለግበት ቦታ አስነጠሱ።

ሁሉም የጠበቀው የወይዘሮ ሄራንን ቁጣ ነበር። ወይዘሮ ሄራን ግን ቀርበው ከዱካው ፊት ቆሙና፣ ሕያው ነው ቢሉ ማን ያውቅብዎት ነበር ብለው ጠየቁ።

«ማንም» አሉ እማማ ኤልዳና። «ግን የሞተ ከሆነ ቅርንጫፉ ባዶውን ይቀራል፤ ሰውም የሚያማው ባልሽን ነው። እሱ ደግሞ ከመቃብር ተነሥቶ መልስ አይሰጥ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ የእኔ ይጥፋ እንጂ የሱን አላጠፋም።»

ወይዘሮ ሄራን አንገታቸውን ደፉ። ሲያቀኑ ዓይናቸው አስካለ ላይ አረፈ። ይህችን ልጅ ያሳደጓት እርስዎ ነዎት፣ ምን እንደሚሸተት ነግረዋት ያውቃሉ ወይ ብለው ጠየቁ። እማማ ኤልዳና በሥራዬ እምላለሁ አልነገርኳትም አሉ። አስካለም ሕፃን ሳለች ጠይቃ ጆሮዋን ተቆንጥጣ መመለሷን ተናገረች።

«እንግዲያው እሷ ታሽት» አሉ ወይዘሮ ሄራን።

ባለሙያው ደንቡን ጠቀሰ፤ ባለጉዳይ አያሸትም።

«የምታሸተውን የማታውቅ ሰው ባለጉዳይ አትባልም» አሉ ወይዘሮ ሄራን፤ ነገሩ በዚያ አለቀ።

ባለሙያውና ወይዘሮ ሄራን ከበሩ ኋላ ሄደው ሦስት ሲኒ አዘጋጁ። በአንዱ ባዶ የስኳር ውሃ፣ በአንዱ ባለፈው ወር ሳጥኗ ዜሮ ብላ ከደፋችው የሞተ ብናኝ፣ በአንዱ ከብልቃጡ። ሦስቱም በላስቲክ ተሸፍነው መጡ፤ የቱ የቱ እንደሆነ የተጻፈው ከሥራቸው በተለጠፈ ወረቀት ላይ ብቻ ስለነበር፣ ለአስካለ የሚታይ ምንም ምልክት አልነበረም። አንድ በአንድ ብብቷ ሥር ያዘቻቸው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ እማማ ኤልዳና አብረው ደገሙ።

የመጀመሪያውን ገልጣ አሸተተች። ምንም አይሸትም አለች።

ሁለተኛውን አሸተተች። አሮጌ አቧራ፣ ዝናብ የነካው፣ አለች።

ሦስተኛውን ገልጣ አፍንጫዋን አስጠጋችና እዚያው ቆየች። ወንድይራድ የአንድ ክንዱን ወግ ረስቶ ወደሷ ተጠጋ። አስካለ ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቶ ፊቷ ይስቅ ነበር፤ ግራ የገባት ትመስላለች።

«እማማን ይሸታል» አለች።

ባለሙያው የተጠየቅሽው ሽታ ነው እንጂ ሰው አይደለም ብሎ አረማት።

«ሽታውን ነው የምነግርህ። የነጠላቸው ጫፍ ነው። እናቴ የሞተች ሰሞን ያለሱ አልተኛም ነበር፤ ፊቴን ይሸፍኑልኝና ይህን እየሸተተኝ እተኛለሁ። ስም የለውም። የሳቸው ሽታ ነው እያልኩ ነው ያደግሁት።»

ጋሽ ያብስራ ጽሕፈት ቤቱ ወንበር ላይ ሳይጋበዙ ተቀመጡ። እማማ ኤልዳና የነጠላቸውን ጫፍ በእጃቸው ይዘው ያዩት ነበር። አርባ ዓመት በዚያ ጫፍ ሲኒ ሸፍነውበታል፤ ነጠላው በየጊዜው ቢቀየርም ጫፉ ሥራውን ቀይሮ አያውቅም። በሳሙና ታጥቧል፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። የሕያዋን ብናኞች ጠጅ ግን ጠብታ በጠብታ ገብቶበት፣ ሳያውቁት ከልጅቷ ጋር ሲያድር ኖሯል። ሚስጥሩን ከባላቸው በቀር ለማንም አልነገሩም፤ ነጠላው ነግሮባቸዋል።

ወይዘሮ ሄራን ከሲኒው ሥር የተለጠፈውን ወረቀት ገልብጠው አነበቡ። ከብልቃጡ የተቀዳው እሱ ነበር። አስካለን ግንባሯን ሳሟት፤ ከዚያም ጎንበስ ብለው የእማማ ኤልዳናን ጉልበት ሳሙ።

ደንቡ የአሽታቹ ቃል እንዳለ ይጻፍ ስለሚል፣ ባለሙያው መዝገቡ ላይ «እማማን ይሸታል» ብሎ ጻፈና ማኅተም መታበት።

ቅርንጫፉ ያን ቀን ከእኩለ ቀን በፊት ተቀባ። ወንድይራድ መሰላሉ ላይ ሆኖ በላባው አንድ በአንድ ነካካቸው፤ አሥራ አንድ አበባ ነበር። በአሥረኛው ቀን የአበባው ቅጠል ሲረግፍ ከአሥራ አንዱ በሰባቱ ሥር ባቄላ የምታህል አረንጓዴ እብጠት ታየች። ሳጥኗ ሠላሳ አንድ ያለችው ትንፋሽ ያለ ጥርጥር ደካማ ነበር። የቀረውን መንገድ በመብላላት ሄዶታል።

ሙሽሮቹ አፋር የወረዱ ዕለት አስካለ ሻንጣዋ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያደረገችው የአያቷን ነጠላ ነው። እማማ ኤልዳና ያን ያረጀ ጨርቅ ምን ታደርጊዋለሽ ብለው ተቆጡ፤ ተቆጥተው ሲያበቁም ራሳቸው አጣጥፈው ሰጧት። መኪናው ቁልቁለቱን ዞሮ እስኪጠፋ ድረስ ሁለቱ ሽማግሌዎች መንገድ ዳር ቆሙ።

ከዚያም ወደ ቤት ተመለሱ። እማማ ኤልዳና አዲሱን ነጠላቸውን እንደለበሱ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ጫፉን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፤ ምንም። ከእንግዲህ አሽታች አይደሉም፤ ሲኒ የሚሸፍኑበትም ጫፍ የለም። እንግዲህ እኔ ምን እሸታለሁ አሉ፣ ግማሹን ለራሳቸው።

የጋሽ ያብስራ ጉንፋን ለቅቋቸዋል። መጥተው ከኋላቸው ቆሙ፤ እንደ ልማዳቸው ነጠላውን የሚያስተካክሉ መስለው ጎንበስ አሉ፤ ከአንገታቸው ሥር ረዘም አድርገው አሸተቱ።

ከዚያም ጫፉን አንድ ጊዜ ሳብ አደረጉት።